ፎስፈረሳችን ይለካልን

ክቡራን ሐኪሞች፣ ሲስተሮቻችን፣ አስታማሚ ቤተሰቦች፣ የኩላሊት እጥበት ጓደኞቼ፣ እንኳን ለዓለም የኩላሊት ቀን አደረሳችሁ።

ስለ ቀኑ እንድናገር ነበር የተጠየቅኩት። በፈረንጆቹ ከ2006 ጀምሮ፣ በየዓመቱ በማርች ሁለተኛው ሐሙስ ይከበራል። ስለ ቀኑ ይህ ይበቃል። እኔ የመጣሁት ስለ ትከሻዬ ልነግራችሁ ነው።

31 ዓመት አስተምሬያለሁ። ጠመኔ ሳይ አውቃለሁ። እጥበት በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ግራ ትከሻዬ ላይ እብጠት ወጣ። መጀመሪያ ባቄላ ታክል ነበር። ቆይታ ሎሚ አከለች። ከዚያ ብርቱካን። ነጠላዬን ራሴ መከናነብ አቃተኝ። ጎረቤት "ብርድ ነው" አለኝ። ወጌሻ አሸኝ። እህቴ ጸበል ወሰደችኝ። አንድ ክሊኒክ ደግሞ "መግል ይዟል" ብሎ ቀደደው። የወጣው መግል አልነበረም። በውሃ የተበጠበጠ ጠመኔ የመሰለ ነጭ ነገር ነው የፈሰሰው። የቀደደኝ ሰውዬ ራሱ ደነገጠ። ቁስሉ 5 ወር ሙሉ አልገጥም አለ። ያኔ አጠገቤ የምትታጠቡ ታስታውሳላችሁ፤ ፋሻዬን እያያችሁ ታለቅሱ ነበር።

ራጅ ተነሳሁ። "ካልሲየም ተጠራቅሞ ነው፤ ወተት አቁሚ" ተባልኩ። እዚያው ቦታ፣ ለአጥንቴ ሕመም ብለው የካልሲየም ኪኒን ጽፈውልኝ ነበር! ማታ ማታ በባዶ ሆዴ እየዋጥኩት ከረምኩ። ማንም አቁሚ አላለኝም።

በመጨረሻ አንድ ወጣት ሐኪም "ቲቸር፣ ፎስፈረስዎ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ከምግብ የሚገባ፣ ደም ውስጥ የሚለካ ማዕድን ነው። አላውቅም። በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተለክቶልኝ አያውቅም። ሲለካ 9.4 ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ2.5 እስከ 4.5 ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰውነታችን ካልሲየም 99 በመቶው አጥንትና ጥርስ ውስጥ ነው። ቦታው እዚያ ነው። ኩላሊት ሲደክም ከምግብ የገባው ፎስፈረስ መውጫ ያጣል። ቫይታሚን ዲን ለሥራ የሚያበቃውም ኩላሊት ስለሆነ እሱም ይጎድላል። አንገታችን ውስጥ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ትናንሽ እጢዎች አሉ። ይሄኔ ሆርሞን ያበዛሉ። ሆርሞኑ ካልሲየሙን ከአጥንት እየነቀለ ደም ውስጥ ይለቀዋል። ከዚያ ካልሲየሙና ፎስፈረሱ ተገናኝተው ለስላሳው አካል ላይ ይጋገራሉ። መገጣጠሚያ ዙሪያ፣ ቆዳ ሥር፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ፣ የልብ ቫልቭ ላይ። አጥንቴ እየሳሳ ሥጋዬ ድንጋይ ያዘ። የእኔስ ትከሻ ላይ ስለሆነ ታየ። ልብ ላይ የተጋገረውን ማን ያየዋል?

የአራት ሰዓት እጥበት የሚያወጣው ፎስፈረስ 1 ግራም ገደማ ነው። በየቀኑ ከምግብ የምናስገባውም ወደዚያው ይጠጋል። በሳምንት ሦስቴ የታጠበ ሰው እንኳ አይወጣለትም። ስንቶቻችን ነን ገንዘብ አጥተን ሁለቴ የምንታጠብ?

ታዲያ ፎስፈረስ ሳይለካ ካልሲየም የሚታዘዝልን እስከ መቼ ነው? ክሬያቲኒን ይለካል። ፖታሲየም ይለካል። ስለ ፎስፈረስ ስንጠይቅ "ሪኤጀንት፣ የመመርመሪያው ኬሚካል፣ አልቋል" እንባላለን። ለአንድ ወር ይለቅ፣ እሺ። ለአራት ዓመት ነው የሚያልቀው? ሥጋችን ድንጋይ እየሆነ ዝም በሉ ልንባል አይገባም! እኔ ዝም አልልም!

ሕክምና አለው። የእኔ የካልሲየም ኪኒን ቆመ። ሴቬላመር ተጀመረልኝ፤ ካልሲየም የሌለበት ፎስፈረስ ያዥ መድኃኒት ነው። ፎስፈረሱን የሚይዘው አንጀት ውስጥ ስለሆነ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ከንቱ ነው። የካልሲየም ኪኒንም ከምግብ ጋር ሲሆን ፎስፈረስ ይይዛል፤ በባዶ ሆድ ግን ወደ ደም ይገባል። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚታወቀው ተለክቶ ነው። ልጆቼ ሦስተኛውን እጥበት ከጉሮሯቸው ቆጥበው ጨመሩልኝ። በ14 ወር ውስጥ እብጠቱ ተመልሶ ባቄላ አከለ። ዛሬ ነጠላዬን ራሴ ነው የለበስኩት።

መድኃኒት ያልበገረው የፓራታይሮይድ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው ይሆናል። ጭን ወይም ሆድ ላይ በጣም የሚያም፣ የሚጠቁር ቆዳ ካያችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ይህንኑ ንገሩት።

ስለ ምግብ፦ ኮላ፣ የታሸገ ሥጋ፣ የሚቀባ አይብ ተዉ። ፋብሪካ የጨመረው ፎስፈረስ አብዛኛው ደም ውስጥ ይገባል። የምስርና የሽሮው ያንሳል፤ ፖታሲየም ስላላቸው ግን መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ።

ቤተሰቦችም ኩላሊታችሁ ደህና ሆኖ የትከሻ ጅማት ወይም የድሮ ጠባሳ ላይ ካልሲየም ታየ ብትባሉ አትደንግጡ። የተጎዳ ሥጋ ላይ የደም ካልሲየም ሳይበዛም ይጋገራል። መንገዱ ከእኛ የተለየ ነው።

አሁን ስትወጡ በሩ ላይ አንዷ ሲስተር ወረቀት ይዛ ትጠብቃችኋለች። ስማችሁንና ፎስፈረሳችሁ ለመጨረሻ ጊዜ የተለካበትን ቀን ጻፉ። ተለክቶላችሁ የማያውቅ ቦታውን ባዶ ተዉት። ሰኞ ጠዋት ባዶዎቹን ቆጥሬ ለአስተዳደሩ በእጄ አስረክባለሁ። አብሮኝ የሚሄድ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እዚሁ በር ላይ ያግኘኝ።

አመሰግናለሁ።