ጠረጴዛው ሥር ያለው እጅ

እንደምን አመሻችሁ፣ ውድ የፊልም ወዳጆች።

ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ስለ አንድ ትዕይንት እንዳወራላችሁ ተጋብዣለሁ። ትዕይንቱ ሁለት ደቂቃ ቢሞላ ነው። በእሱ ላይ የተነሳው ክርክር ግን ከ1997 ጀምሮ አልበረደም። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ስታር ዋርስን መጀመሪያ ያየሁት በልጅነቴ፣ ሰፈራችን በነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ነው የምንቀመጠው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። እንግሊዝኛው አይገባንም። ለእኛ ዋናው ነገር አክተሩን መለየት ነበር። ቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ እዚያ አክተር ማለት ተዋናይ ማለት አይደለም። አክተር አንድ ነው። የማይሞተው፣ መጨረሻ ላይ የሚያሸንፈው። የዚያን ቀን አክተሩ ሉክ እንደሆነ ወዲያው ገባን። ነጭ ለብሷል፣ ልጅ እግር ነው፣ ፊቱ ላይ ተንኮል የለም። ከዚያ አንድ መጠጥ ቤት ገቡ። ጥቁር ሰደርያ የለበሰ ሰው ብቅ አለ።

«ይሄስ?» አለኝ ወንድሜ።

«እንጃ» አልኩት።

ዛሬ ማታ ልናገርለት የመጣሁት ለዚህ «እንጃ» ነው።

ትዕይንቱን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ታቱዊን የምትባል የበረሃ ፕላኔት ላይ ነን። ሞስ አይዝሊ የምትባል የወደብ ከተማ፣ ጨለም ያለ መጠጥ ቤት። ባለ ሰደርያው ሃን ሶሎ ይባላል። ኮንትሮባንዲስት ነው። ጃባ ለሚባል የወንበዴዎች አለቃ ዕዳ አለበት። ከመጠጥ ቤቱ ሊወጣ ሲል ግሪዶ ከፊቱ ይደቀናል። ግሪዶ ቆዳው አረንጓዴ፣ ዓይኖቹ ትልልቅና ጥቁር ናቸው። ለገንዘብ ሲል ሰው አሳዶ የሚይዝ ነው። ሽጉጡን ደግኖ ሃንን መልሶ ያስቀምጠዋል። ጠረጴዛ መሃል አድርገው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

አሁን እጆቹን ተመልከቱ። ሃን ወደ ኋላ ደገፍ ብሏል። ግራ እጁ ግድግዳውን ይነካካል፣ ጫር ጫር ያደርጋል። ወሬው የሰለቸው ይመስላል። ቀኝ እጁ ግን ጠረጴዛው ሥር ነው። ሽጉጡን ቀስ ብሎ ከወገቡ ይመዛል። ካሜራው ይህን ለእኛ ብቻ ያሳየናል። ግሪዶ አያየውም። የጠፈር መርከቡን ሊወስዱበት እንደሚችሉ ሲነግረው ሃን በሬሳዬ ላይ ነው ይላል። ግሪዶ ሐሳቡም እሱ ነው፣ ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ ይለዋል። ሃን ረጋ ብሎ አዎ፣ መጠበቅህን አልጠራጠርም ይላል። ወዲያው ብልጭታ፣ ጭስ። ግሪዶ ጠረጴዛው ላይ ይደፋል። ሃን ተነስቶ ልብሱን አስተካክሎ ይሄዳል። ለባርማኑ ሳንቲም ይወረውርለታል፣ ቤቱን ስላቆሸሸበትም ይቅርታ ይለዋል።

ሜይ 25 ቀን 1977 አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የታየው ይህ ነው። አድናቂዎች «ሃን ነው ቀድሞ የተኮሰው» ብለው ቲሸርት ላይ ሳይቀር ያትማሉ። በእርግጥ ቀድሞ የሚለው ቃል ራሱ ልክ አይመጣም። የተተኮሰው አንድ ብቻ ነው። ቀዳሚና ተከታይ የለም።

ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ጃንዋሪ 31 ቀን 1997፣ የፊልሙ ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ ፊልሙን አድሶ እንደገና ሲኒማ አስገባው። በአዲሱ ቅጂ ግሪዶ ቀድሞ ይተኩሳል። ከጠረጴዛ ማዶ ሆኖ፣ ከአንድ ክንድ ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ይስታል። ጥይቱ ሃን አጠገብ ግድግዳውን ይመታል። ሃንን ሆኖ የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ሲቀረጽ ጭንቅላቱን አላንቀሳቀሰም፣ ስለዚህ በኮምፒውተር ጎተት አደረጉለት። በ2004 ዲቪዲው ሲወጣ ሁለቱ ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ተኮሱ። በ2011 ደግሞ ትንሽ ተቆረጠ። በ2019 ዲዝኒ ፕላስ የሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ሲከፈት ግሪዶ ከመተኮሱ በፊት «ማክለንኪ» የሚል ቃል ተጨምሮለት ታየ። ይህንንም ያደረገው ራሱ ሉካስ ነው፣ ኩባንያውን በ2012 ለዲዝኒ ከመሸጡ በፊት።

አንድ ትዕይንት ይህን ያህል ጊዜ ሲነካካ፣ ለእኔ የሚነግረኝ ነገር አለ። ልክ የመጣ ነገር ተመልሶ አይነካም። እኔ ኤዲተር ነኝ፣ ይህንን ከሥራዬ አውቀዋለሁ። አንዴ የተሳሳተ ቦታ ላይ ቆርጠህ ከሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ፍሬም ብትጨምርም ብትቀንስም አይስተካከልም። የሚስተካከለው የቆረጥከው ቦታ ስትመለስ ነው።

የሉካስን ወገን ሳልሰማ ግን አልፈርድም። ሰውየው ያመጣቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። በ2012 ለአንድ የሆሊውድ መጽሔት ሲናገር፣ ከመጀመሪያውም ግሪዶ ነበር የሚተኩሰው፣ አቀራረጹ ግልጽ ስላልነበር ነው ሰው የተሳሳተው አለ። በ2015 ለዋሽንግተን ፖስት ሲናገር ደግሞ ሌላ አለ። ሃን ወደፊት ልዕልት ሊያን የሚያገባ ሰው ነው፣ ታዲያ በቀዝቃዛ ልብ ሰው የሚገድል መሆን አለበት ወይ ብሎ ጠየቀ። የጆን ዌይንን የካውቦይ ፊልሞች አነሳ። እዚያ ጀግናው ቀድሞ አይተኩስም። በእኛ ቪዲዮ ቤት ቋንቋ፣ አክተር ቀድሞ አይተኩስም ማለቱ ነው።

የመጀመሪያውን ምክንያት አልቀበልም። በ2015 ካናዳ ውስጥ ኒው ብሩንስዊክ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የማርች 1976 ስክሪፕት ተገኝቷል። እዚያ ላይ ተኳሹ ሃን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። ልጆች ያያሉ፣ ልጆች ይማሩበታል የሚል አባት አለ እዚያ ውስጥ። እኔም አባት ነኝ፣ ይገባኛል። ሆኖም ትዕይንቱን ደግመን እንየው። ሽጉጥ የደገነው ማነው? ግሪዶ። ልገድልህ ነው ያለው ማነው? እሱው ግሪዶ። ሃን የተኮሰው ካፌ ተቀምጦ ቡና በሚጠጣ ሰው ላይ አይደለም። ሊገድለው እንደሆነ በአፉ የነገረው ሰው ላይ ነው። ነፍሱን ለማዳን ጥይት እስኪተኮስበት መጠበቅ አለበት ወይ? ልጄ ይህን ጥያቄ ቢጠይቀኝ ደስ ይለኛል። ማታ እራት ላይ ቁጭ ብለን የምንነጋገርበት ጥያቄ ነው። አዲሱ ቅጂ ግን ጥያቄውን ራሱን አጠፋው። ግሪዶ ተኮሰ፣ ሳተ፣ ሃን መለሰ። ምን ይጠየቃል?

ከዚህ የበለጠ የሚቆጨኝ የተወሰደው «እንጃ» ነው። የፊልሙን መጨረሻ አስታውሱ። ሃን ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ጦርነቱን ጥሎ ይሄዳል። ሉክ ብቻውን ቀርቶ ከኋላው ጠላት ሲያሳድደው፣ አለቀለት ስንል፣ የሃን መርከብ ሚሌኒየም ፋልከን ከላይ ይወርዳል። ሃን ተመልሷል። ያን ቀን ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ የነበረው ጩኸት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። አግዳሚው ላይ ቆመን ነበር። ወንድሜ ትከሻዬን ይዞ እየነቀነቀኝ «ይሄም አክተር ነው ለካ!» አለኝ።

ያቺ «ለካ» ከየት መጣች? ከመጠጥ ቤቱ ነው የመጣችው። ሰውየውን አላወቅነውም ነበር። ጠረጴዛ ሥር ሽጉጥ የሚመዝ፣ ገድሎ ሳንቲም ወርውሮ የሚሄድ ሰው ለጓደኛ ይመለሳል ብለን አልጠበቅንም። ከመጀመሪያው ጨዋ አድርገህ ካመጣኸው መመለሱ ግዴታው ይሆናል። ማንም አግዳሚ ላይ አይወጣም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር። ከብዙ ዓመት በፊት የሠርግ ቪዲዮ እሠራ ነበር። በሚኒ ዲቪ ካሴት ነው የምንቀርጸው። አንድ ሠርግ ላይ የሙሽራዋ አያት ሊጨፍሩ ተነሱና መሃል ላይ ተደናቀፉ። ሰው ደግፎ አነሳቸው፣ ሳቁ፣ እስክስታቸውን ቀጠሉ። እኔ ለቤተሰቡ ክብር ብዬ ቆረጥኩት። ያማረ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ካሴቱን ደግሞ ሌላ ሠርግ ቀረጽኩበት፣ ያኔ ካሴት ውድ ነበር፣ ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ሙሽራዋ ደወለችልኝ። አያቷ አርፈዋል። «ወድቀው የሳቁባት ቦታ አለችህ?» አለችኝ። የለችኝም። ሌላው ሁሉ አላት፣ እሷ የፈለገችው ያቺን ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተቆረጠ ቅጂ አጥፍቼ አላውቅም።

ስለዚህ ክርክሬ ሉካስ ፊልሙን ለምን ነካ የሚል አይደለም። ሥራው ነው፣ ይንካ። አሥር ጊዜ ያድሰው። እኔ የምቃወመው አዲሱን ሲያመጣ አሮጌውን ማንሳቱን ነው። የ1977ቱ ቅጂ በ2006 ዲቪዲ ላይ እንደ ተጨማሪ ዲስክ ወጥቶ ነበር። ያውም ለ1993ቱ ሌዘር ዲስክ ከተዘጋጀው ቅጂ የተገለበጠ ነው። በደንብ ሳይጸዳ፣ ለሰፊ ስክሪን እንኳ ሳይዘጋጅ ሰጡን። ያን ያህል ገንዘብ ላስገባ ፊልም ይህ አይገባውም።

ደግሞ ፊልሙ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ስታር ዋርስ በኤዲቲንግ ኦስካር አግኝቷል። የተሸለሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ማርሻ ሉካስ፣ ፖል ኸርሽ እና ሪቻርድ ቹ። የተሸለሙበት ሥራ የ1977ቱ ነው። እንደ ሙያ ባልደረባቸው እጃቸው እንዴት እንደሠራ፣ የት እንደቆረጡ ማየት እፈልጋለሁ። ጀማሪ ኤዲተሮችም እንዲያዩት እፈልጋለሁ።

ይህንን ከሁሉም በላይ አሳምሮ የተናገረው ደግሞ ራሱ ሉካስ ነው። በ1988 የአሜሪካ ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ነበር። ያኔ ባለገንዘቦች አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን ቀለም እየቀቡ ያወጡ ነበር። ሉካስ ተነስቶ ለትርፍ ወይም ሥልጣን ለማሳየት ሲሉ የጥበብ ሥራን የሚቀይሩ ሰዎች አረመኔዎች ናቸው አለ። ወደፊት ቴክኖሎጂው የተዋናይን ፊትና ንግግር እስከ መቀየር ይደርሳል ብሎ አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት ፊልሞችን ለመጠበቅ ሕግ ወጣ። በ1989 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቁ ተብለው የተመረጡትን የመጀመሪያዎቹን 25 ፊልሞች ሲያሳውቅ ስታር ዋርስ አንዱ ነበር። ይህን የምጠቅሰው ሰውየውን ለመክሰስ አይደለም። ያን ንግግር ሳነብ እንባዬ መጥቷል። የዚያን ቀኑ ሉካስ እኛ ወገን ነው።

ስህተትን ማረም ደግሞ ይቻላል። ስቲቨን ስፒልበርግ በ2002 ኢ.ቲ. የተባለውን ፊልሙን ሲያድስ ልጆቹን የሚያሳድዱትን የመንግሥት ሰዎች ጠመንጃ አንስቶ በዎኪ ቶኪ ተካው። በኋላ ተጸጸተ። በ2012 ብሉ ሬይ ሲወጣ ጠመንጃዎቹ ተመለሱ። በ2023 በአደባባይ ያ ስህተት ነበር፣ ማድረግ አልነበረብኝም አለ። በዚህ ሰውየውን ይበልጥ ወደድኩት።

የስታር ዋርስ አድናቂዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። አሮጌ የ35 ሚሊሜትር ጥቅሎችን ፈልገው እያገኙ፣ ጭረቱንና አቧራውን ፍሬም በፍሬም እያጸዱ፣ የ1977ቱን ፊልም መልሰው ሰብስበዋል። ያለ ደመወዝ፣ ሌሊት ሌሊት፣ ለዓመታት። በጁን 2025 ደግሞ የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት ከ1977 የተረፈ አንድ የሲኒማ ቅጂ አውጥቶ ለንደን ውስጥ አሳየ። የዚያን ቀን እዚያ አዳራሽ ብሆን ምን አለበት!

አባቶቻችን ብራና ላይ ሲጽፉ ሲሳሳቱ ይፍቁ ነበር። ነገር ግን ጠጋ ብለህ ካየኸው የተፋቀው ቦታ ይታወቃል። ቆዳው ሳሳ ብሎ ይቀራል። ኮምፒውተር ሲፍቅ ግን ምልክት አይተውም። ዛሬ ይህን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ልጅ ሌላ ትዕይንት እንደነበረ በምን ያውቃል? ሰው ካልነገረው አያውቅም። ለዚህ ነው ተጋብዘሃል ሲሉኝ ሳላመነታ የመጣሁት።

ዛሬ የምናየው አዲሱ ቅጂ ነው። ግሪዶ «ማክለንኪ» ይላል፣ ይተኩሳል፣ ይስታል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። መጠጥ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሽጉጦቹን ተዉአቸው። የሃንን ግራ እጅ ተመልከቱ። ግድግዳውን ጫር ጫር ያደርጋል። ቀኝ እጁ ጠረጴዛው ሥር የሚያደርገውን እንዳያይበት፣ ግሪዶን ሊያታልል። ያቺን እጅ ማንም አላጠፋትም፣ እስከ ዛሬ አለች።

አመሰግናለሁ። መብራቱን አጥፉልን።