ወለተ ጴጥሮስን ልብ ወለድ ውስጥ ስታስገቧት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

«ታሪኩ በሌላ መንገድ ቢሄድ ኖሮ» እያላችሁ የምትጽፉ ልጆች በርክታችኋል። ደስ ይላል። ዛሬ ስልኩ ሁሉ ስለ ወለተ ጴጥሮስ ነው፤ የአፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ እምነት አልቀበልም ስላለችው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ወይዘሮ። በፊት በፊት ግን የዘወትር አቤቱታዬ፦ ዓመት ስትጽፉ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። እኔ ዛሬ የምጠራው የፈረንጆቹን ነው።

ከባሕር ዳር፦ በእኔ ታሪክ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ አይሆንም። ስለዚህ እሷም ባሏን ጥላ አትመንንም። ያስኬዳል?

አያስኬድም ልጄ። እሷ ቀድማሃለች። ባሏ መልክዐ ክርስቶስ የንጉሡ ሹም ነበር። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ የእሱም እጅ እንዳለበት ሰማችና ጥላው ወጣች። ያኔ ዕድሜዋ 25 ነው፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ቀብራለች። ታሪኩን ማጠፍ ካማረህ ከ1617 በፊት እጠፈው። ጳጳሱን አትርፋቸው! ከዚያ ወይዘሮዋ ትዳሯ ውስጥ ትቆይ እንደሆነ፣ መንና ያቋቋመቻቸው የመነኮሳት ማኅበራት ባይኖሩ ተከታዮቿ የት እንደሚጠጉ አንተው አስብ። አንድ ነገር ብቻ ነካ አድርግ፤ ሌላው ራሱ ይከተላል።

ከዋሽንግተን፦ መነኮሳቱ ድንች ሲልጡ ጽፌአለሁ።

ድንች አገራችን የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ሽንብራ አድርጊው።

ከአዲስ አበባ፦ ለሱስንዮስ የላከችው ደብዳቤ ብዬ ከራሴ ፈጥሬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኩት። ሰው በጣም ወደደው። ልብ ወለድ መሆኑን ግን አልጻፍኩም። ችግር አለው?

አለው እንጂ! ቆይ፣ ልቀመጥ። ባለፈው አንድ ተማሪዬ እንዲህ ያለ «ደብዳቤ» ማስረጃ ብሎ አመጣልኝ። ወረቀቱ ቡና ተነክሮ ብራና መስሏል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ቋንቋውም የዛሬ አማርኛ ነው፤ የዘመኑ የጽሕፈት ቋንቋ ግን ግእዝ ነበር። ልጁ አልዋሸም፣ አምኖ ነው ያመጣው። አየህ የእኔ ልጅ፣ አንተ የጻፍከውን ነገ ሌላው «ታሪክ» ብሎ ያጋራዋል፤ ከነገ ወዲያ ሰዎች ይጣሉበታል። የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ ጨዋታ አይደለም። ደግሞ ምን አጥተህ ነው? በ1642 ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ገድሏን ጽፎልሃል፤ የሚያውቋትን እየጠየቀ። ፍጠር፣ ማንም አልከለከለህም። ግን ከላይ በትልቁ «ልብ ወለድ ነው» በል። አሁኑኑ ስልክህን አውጣና አስተካክለው። ዓመቱንም ከነአቆጣጠሩ።

ከቴል አቪቭ፦ ፍቅረኛ ብሰጣትስ?

ቅድስት ናት እኮ። ኅዳር 17 የሚያነግሷት ሰዎች አሉ። የፍቅር ታሪክ ከፈለግሽ በዘመኗ የኖረች ሌላ ወይዘሮ ፍጠሪ፣ ስም አውጪላት፣ እንደልብሽ አድርጊያት። «ልብ ወለድ ነው» ማለቱን ግን እንዳትረሺ።

ከጎንደር፦ ከገድሉ አንድ ገጽ በስልኬ አስተርጉሜ ትርጉሙ ግራ ገባኝ። ላንብብልዎት?

አታንብብልኝ። ጎንደር ተቀምጠህ እኔን ትጠይቃለህ? ነገ ጠዋት ገጹን ይዘህ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ሂድ።