የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የአፈርና የብረት ስታንዳርድ አሰራር

ከገላን፣ ብረት ፋብሪካ ላብ የሚሰራ፦ በኤክስአርኤፍ ገን (በኤክስሬይ ተኩሶ ናሙናው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በሚለካው የእጅ መሣሪያ) የብረት ካርቦን መለካት ይቻላል?

አይቻልም ወንድሜ፣ ካርቦን ለገኑ አይታይም፣ ስፓርክ ስፔክትሮሜትር (በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ነው የሚያስፈልግህ። ስታንዳርዱም፣ ማለትም መሣሪያውን የምትፈትሽበት መጠኑ የታወቀ ናሙና፣ ብረት ይሁን።

ከአቃቂ፣ የማስተርስ ተማሪ፦ በአቃቂ ወንዝ የሚጠጣ የጎመን ማሳ አፈር ላይ ሊድ (እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት) እየለካሁ ነው፣ ስታንዳርድ መግዛት አልቻልኩም፣ ራሴ ልስራው?

ትችያለሽ እህቴ፣ ግን ሁሌ እንደምለው ስታንዳርዱ ከናሙናው ጋር አንድ አይነት አፈር ካልሆነ ቁጥሩ ይዋሻል፣ ስለዚህ ከዛው አካባቢ ሊድ ያልበዛበት አፈር ፈልጊ። በ105 ዲግሪ አድርቀሽ እንደ በርበሬ ልም አድርገሽ ፈጭተሽ በ75 ማይክሮን ወንፊት ንፊው። 100 ግራሙ ላይ 1000 ሚሊግራም በሊትር ከሆነ የሊድ ሶሉሽን 50 ሚሊሊትር ብትጨምሪ 500 ሚሊግራም በኪሎ ጨመርሽ ማለት ነው፣ አፈሩ ውስጥ ድሮም የነበረውን ለክተሽ ደምሪበት። ደረቅ የሊድ ጨው በትነሽ እንዳታማስይ፣ አንዱ ጋ ተከማችቶ ሌላው ጋ ባዶ ይቀራል፣ አቧራውም መርዝ ነው። በፈሳሽ ጭቃ አድርገሽ አማስለሽ፣ አድርቀሽ፣ ማስክ አድርገሽ እንደገና ፍጪው። ከምንም ካልጨመርሽበት እስከ 2000 ሚሊግራም በኪሎ ድረስ ደረጃ በደረጃ ስሪ። ከላይ ከመሀል ከታች ወስደሽ ስትለኪ ቁጥሩ ከተራራቀ አልተዋሃደም። "የጨመርኩትን አውቃለሁ" ብቻውን አይበቃም፣ በአሲድ አሟሙቶ በአይሲፒ (በፈሳሽ ውስጥ ያለን ብረት በሚለካ የላብ መሣሪያ) የሚለካ ሌላ ላብ ያረጋግጥልሽ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ካስፈለገ ደግሞ ራስሽ እንዳትነኪው፣ የለመደ ባለሙያ ይስራው።

ከለገጣፎ፦ የምጫነው ፔሌት (በፕሬስ የተጨመቀው የናሙና ክኒን) ይሰነጠቅብኛል።

ወይ እርጥብ ነው ወይ ማያያዣ ሰም አንሶታል። ፕሬሱንም ቀስ ብለህ ልቀቀው።

ከሰበታ፦ የስታንዳርዷ ከረጢት ትንሽ ስለሆነች በግራ እጄ ይዤ በገኑ እተኩሳታለሁ፣ ጓንት አደርጋለሁ፣ ችግር አለው?

አለው፣ በጣም አለው፣ ይሄን ጥያቄ በየሳምንቱ ነው የምሰማው እና ዛሬም አልሰለችም። እጅህ ላይ ያለው የኤክስሬይ ቱቦ ነው፣ ብዙዎቹ 40 እና 50 ኪሎቮልት ይደርሳሉ። አፈርም ፕላስቲክም ቀላል ነገር ስለሆነ ጨረሩ ሰንጥቆ አልፎ ጣትህ ላይ ያርፋል፣ የላስቲክ ጓንት ምንም አያስቆምም። ሲነካህ አያምህም እኮ፣ ሰው የሚታለለው በዚህ ነው፣ ቆዳው የሚቀላው የሚላጠው ከቀናት አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ ማንም ከገኑ ጋር አያገናኘውም። ክዳን ያለው ስታንድ ውስጥ አስገብተህ ዝጋው፣ ስታንድ ከሌለህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ወደታች ተኩስ፣ ጠረጴዛው እንጨት ከሆነ ከስሩ እግርህን አታስገባ፣ ሰውም አታስቀምጥ። ደግሞ በእጅ ስትይዛት ውፍረቷም ርቀቷም ስለሚለዋወጥ ቁጥሩ ራሱ ልክ አይመጣም፣ ስታንዳርዱም ናሙናውም በአንድ አይነት ኩባያ በአንድ ውፍረት ይለካ። ጣትህ ከቀላ ወይ ከነደደህ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂድ፣ ጨረር እንደነካህም ራስህ ንገረው፣ ካልነገርከው ተራ ቃጠሎ ይመስለዋል።

ከዱከም፦ ሊድ በበዛበት አፈር አርሰኒክም ከፍ ይልብኛል፣ እውነት ነው?

ላይሆን ይችላል። ገኑ የሚለይበት የሊድ የኤክስሬይ መስመር 10.55፣ የአርሰኒክ 10.54 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ስለሆነ ገኑ ይምታታበታል። ሁለቱም ያሉበት ስታንዳርድ ስራና አወዳድር፣ ካልተስተካከለ ናሙናውን ወደ ላብ ውሰደው።

ከቃሊቲ፦ የሰራሁት ስታንዳርድ እስከመቼ ይቆያል?

ክዳኑ ከጠበቀ አፈር ብዙ ይቆያል፣ ግን እርጥበት ይስባል፣ ደቃቁም ከሻካራው ይለያል፣ ስለዚህ ከመጠቀምህ በፊት አድርቀው፣ ደህና አድርገህ ነቅንቀው። ስትለካም እጅህ አይያዘው።