ኤሚል ለቫሶር፦ የሠራውን መኪና ራሱ የነዳ መሐንዲስ

የተከበራችሁ የተሽከርካሪ ጥገና ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተማሪዎች፣

ስለ መኪና እሽቅድምድም አጀማመር እንድናገር በተጋበዝሁ ጊዜ ፈረንሳዊውን መሐንዲስ ኤሚል ለቫሶርን ለመምረጥ አላመነታሁም። ለእርሱ ውድድር ማለት በፋብሪካው ውስጥ የነደፈውን መኪና በራሱ እጅና በራሱ ሕይወት መፈተን ነበርና፣ ከአሸናፊነቱ ይበልጥ የማከብረው ይህንን ነው።

ለቫሶር በ1843 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተወለደ፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመናትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በፓሪሱ ኤኮል ሳንትራል ምሕንድስና ከተማረ በኋላ ከሬኔ ፓናር ጋር የእንጨት ሥራ ማሽኖችን በሚያመርት ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ወደ መኪና ያሻገራቸው የጀርመናዊው መሐንዲስ የጎትሊብ ዳይምለር ሞተር ነው። በፈረንሳይ የዳይምለር ወኪል የነበረው ኤድዋር ሳራዛን በ1887 ሲሞት፣ ባለቤቱ ሉዊዝ ሳራዛን ከዳይምለር ጋር የተጀመረውን ግንኙነት ሳታቋርጥ ቀጠለች፤ በ1890ም ከለቫሶር ጋር ተጋቡ። የእርሷን ድርሻ ሳያነሱ የዚህን ፋብሪካ ታሪክ መናገር ትልቅ በደል ይመስለኛል።

በዚያን ጊዜ የነበሩት መኪኖች ሞተራቸው በአብዛኛው ከመቀመጫው ሥር ወይም ከኋላ ነበር። ለቫሶር በ1891 ሞተሩን ወደ ፊት አመጣው፤ ቀጥሎ ሞተሩን ከማርሹ የሚያገናኘውንና የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን፣ ከዚያ ካምቢዮውን ማለትም የማርሽ ሳጥኑን አሰለፈና ኃይሉን በካቴና ወደ ኋላ እግሮች አደረሰ። ማርሾቹ እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ የሚገቡ ነበሩ፤ የማርሽ አገባቡን ለስላሳ የሚያደርግ ምንም መሣሪያ አልነበረምና ጥርስ ከጥርስ ሲፋጭ የሚሰማውን ድምፅ በጋራዥ ውስጥ ያደጋችሁ ሁሉ ልትገምቱት ትችላላችሁ። እርሱ ራሱ ስለ ካምቢዮው «ጭካኔ አለበት፤ ግን ይሠራል» እንዳለ ይነገራል።

የዚህ ሥራ ታላቅ ፈተና የመጣው በሰኔ ወር 1895 ነው። ከፓሪስ ተነሥቶ ቦርዶ ደርሶ የሚመለሰው ውድድር 1,178 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በእንፋሎት የሚሄዱ መኪኖችና የቤንዚን መኪኖች የትኞቹ እንደሚሻሉ ገና ያልለየለት ክርክር ነበር። የ52 ዓመቱ ለቫሶር የያዛት ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና የ4 ፈረስ ጉልበት ያህል ሞተርና አየር የማይሞላ ድፍን ጎማ ነበራት፤ የምትመራውም በክብ መሪ ሳይሆን በእጅ በሚገፋ ዘንግ ነበር። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ ጠጠር መንገድ ላይ እንዲህ ያለውን ዘንግ ጨብጦ መቆየት ምን ያህል ክንድ እንደሚያደክም አስቡት።

ሩፌክ በተባለች ከተማ ላይ ሌላ ነጂ እንዲቀበለው ታቅዶ ነበር። ለቫሶር ግን ከተገመተው ሰዓት እጅግ ቀድሞ ሌሊት ስለደረሰ ተቀባዩ ገና ተኝቶ ነበር፤ እርሱም ሰውየውን በመጠበቅ ጊዜ ከማጥፋት ይልቅ ወደ ቦርዶ ጉዞውን ቀጠለ፤ ከዚያም እስከ ፓሪስ መልሶ ነዳ። መንገዱን በሙሉ የጨረሰው በ48 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። ሁለተኛው መኪና የደረሰው ስድስት ሰዓት ገደማ ዘግይቶ ነበር።

ይሁን እንጂ የውድድሩ ደንብ የመጀመሪያውን ሽልማት ለባለ አራት መቀመጫ መኪና ብቻ ይፈቅድ ስለነበር፣ ሽልማቱ ከለቫሶር 11 ሰዓት ዘግይቶ በፔዦ ለደረሰው ለፖል ከክላን ተሰጠ። ደንብ ደንብ ነው፤ ቢሆንም ያን ውድድር የምናስታውሰው በለቫሶር ስም ነው። ውድድሩን ከጨረሱት ዘጠኝ መኪኖች ስምንቱ የቤንዚን መሆናቸው ደግሞ ለክርክሩ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ መልስ ሰጠ።

በቀጣዩ ዓመት ከፓሪስ ማርሴይ ደርሶ መልስ በተካሄደው ውድድር ላይ መንገድ ላይ የገባ ውሻ መኪናውን ገለበጠበት፤ እርሱም ክፉኛ ተጎዳ። ውድድሩን ያሸነፈው ኤሚል ማያድ የነዳው የዚያው የፓናርና የለቫሶር ፋብሪካ መኪና ነበር። ለቫሶር ወደ ሥራው ቢመለስም ከጉዳቱ ሙሉ በሙሉ አላገገመም፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1897 በሚያዝያ ወር ፓሪስ ውስጥ አረፈ። ከአሥር ዓመት በኋላ በዚያው በፓሪስ፣ ፖርት ማዮ በተባለው ስፍራ ሐውልት ቆመለት፤ ቀራጩ ዡል ዳሉ ጀምሮት ሥራውን ሳይጨርስ ስለሞተ ካሚል ለፌቭር ፈጸመው።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።