ዱክነቱ ሞተ፣ ኧርልነቱ ተረፈ

ሳምራዊት፦ እንዴት ናችሁ አድማጮቻችን! ዛሬ ዮናስ ዓይኑ ቀልቶ ነው የመጣው። ሌሊቱን ሲያነብ ያደረው ምን መሰላችሁ? የእንግሊዝ መኳንንት የዘር ሐረግ!

ዮናስ፦ አትሳቂ። ሦስት ገጽ ልይ ብዬ ነው ሳላውቀው የነጋብኝ።

ሳምራዊት፦ እሺ፣ ምን አገኘህ?

ዮናስ፦ አንድ እንቆቅልሽ። ጁላይ 30 ቀን 1990 አንድ ሽማግሌ ሞተ። ዕድሜው 93። ስሙ ቪክተር ካቨንዲሽ-ቤንቲንክ። ሰውየው ዘጠነኛው የፖርትላንድ ዱክ ነበር። እንደገና ደግሞ አስረኛው የፖርትላንድ ኧርል ነበር። እሱ ሲሞት ዱክነቱ አብሮት ሞተ። ኧርልነቱ ግን ተነስቶ ሄደ።

ሳምራዊት፦ ቆይ ቆይ። ዱክ የሚባለው ያው በዜና "መስፍን" የምንለው ነው አይደል? የኤደንብራ መስፍን እንደሚባለው?

ዮናስ፦ እሱው ነው። ከንጉሥ ቤተሰብ ውጭ ትልቁ ማዕረግ ነው። ኧርል ከሱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ይላል። ዛሬ ዱክና ኧርል እያልን እንቀጥል፣ እንዳይምታታብን። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሳምራዊት፦ እና አንድ ሰው እንዴት በአንዱ ዘጠነኛ፣ በሌላው አስረኛ ይሆናል?

ዮናስ፦ አየሽ! እንቆቅልሹ እሱ ነው። አንድ ቁጥር ይበልጣል። ያ አንድ ቁጥር አባትየው ነው። በኋላ እንመለስበታለን። መጀመሪያ ሹመቱ ከየት መጣ የሚለውን እንይ።

ሳምራዊት፦ ቀጥል።

ዮናስ፦ ሃንስ ቪለም ቤንቲንክ የሚባል የሆላንድ ልጅ ነበር። በልጅነቱ በኦሬንጁ ልዑል በዊልያም ቤት ገብቶ አገልጋይ ሆነ። በ1675 ልዑሉ ፈንጣጣ ያዘው። የ24 ዓመት ወጣት ነው። ፈንጣጣ ማለት በዚያ ዘመን ሞት ማለት ነው፣ ሰው ይሸሻል። ቤንቲንክ ግን አልጋው ሥር ተቀመጠ። ቀንና ሌሊት አስታመመው። ልዑሉ ሲድን እሱ ራሱ ታሞ ወደቀ።

ሳምራዊት፦ ተጋባበት?

ዮናስ፦ ተጋባበት። እሱም ዳነ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን የሚለያቸው ጠፋ። በ1688 ዊልያም መርከብ ጭኖ ባሕር ተሻግሮ የእንግሊዝን ዙፋን ሲይዝ ዝግጅቱን ካቀናጁት አንዱ ቤንቲንክ ነው። በ1689 ንጉሡ ዊልያም 3ኛ ተብሎ ሲነግሥ ለጓደኛው ምን ሰጠው? የፖርትላንድ ኧርልነት።

ሳምራዊት፦ ሹመት ያዳብር ነዋ!

ዮናስ፦ በደንብ እንጂ! ግን እዚህ ጋ ልብ በዪ። ሹመቱ የሚሰጠው በደብዳቤ ነው። የንጉሡ ትልቅ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ። ደብዳቤው ውስጥ ደግሞ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ለእሱና በሕጋዊ ጋብቻ ከአብራኩ ለሚወለዱ ወንዶች ወራሾች ይሁን የምትል። ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ማን ዱክ፣ ማን ኧርል እንደሚሆን የምትወስነው እሷ ናት። ንጉሡ ራሱ ተመልሶ ላጥፋት ቢል አይችልም። የሚያጠፋት ፓርላማ ብቻ ነው።

ሳምራዊት፦ ይኼ ከኛው በጣም ይለያል። እኛ ጋ ደጃዝማች የሾመህ ንጉሥ ነገ ሊሽርህ ይችል ነበር። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የምንለውም ለዚያ ነው። የራስ ልጅ ራስ አይሆንም፣ ካልተሾመ።

ዮናስ፦ እነሱ ጋ ግን ሕፃን ልጅ አባቱ በሞተ ደቂቃ ኧርል ነው። ማንም አይሾመውም። ደብዳቤዋ ሾማዋለች።

ሳምራዊት፦ ፖርትላንድን ያስተዳድራል ማለት ነው?

ዮናስ፦ ምንም አያስተዳድርም! ፖርትላንድ በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር ያለች ድንጋያማ ቦታ ናት። ቤተሰቡ በኋላ የኖረው ሩቅ፣ ኖቲንግሃምሻየር ውስጥ ዌልቤክ አቢ በሚባል ግቢ ነው። የቦታው ስም ጌጥ ነው።

ሳምራዊት፦ እንደ መቅደላው?

ዮናስ፦ አስታወስሽኝ! አዎ። ጄኔራል ኔፒየር መቅደላን የሰበረው በሚያዝያ 1860፣ በኛ አቆጣጠር ነው። በሦስት ወር ገደማ "የመቅደላ ባሮን ኔፒየር" ተባለ። ቦታዋን አቃጥሏት ሄዷል፣ ስሟን ግን ለልጅ ልጁ አወረሰ። ማዕረጉ ከልጅ ወደ ወንድም እየዞረ ዛሬም አለ።

ሳምራዊት፦ ለኛ የቴዎድሮስ መጨረሻ ነው፣ ለነሱ የቤተሰብ መጠሪያ። ይኼን ሳስብ ሆዴን ይቆርጠኛል። በል ወደ ዱክህ ተመለስ።

ዮናስ፦ ሃንስ ቪለም በ1709 ሞተ። ልጁ ሄንሪ ሁለተኛው ኧርል ሆነ። በ1716 ሌላ ንጉሥ፣ ጆርጅ 1ኛ፣ ሄንሪን ከፍ አደረገው። የፖርትላንድ ዱክ አለው። አዲስ ማዕረግ፣ አዲስ ደብዳቤ።

ሳምራዊት፦ እሺ፤ ሁለተኛው ኧርል የመጀመሪያው ዱክ ሆነ።

ዮናስ፦ ቁጥሩ ገባሽ አይደል? ኧርልነቱ የሚቆጠረው ከአባትየው ነው። ዱክነቱ ከልጁ። ይኼን ያዢው። ሄንሪ ደስታው ብዙም አልቆየ። በ1720 መላው ለንደን ያበደበት የአክሲዮን ግዢ ሲፈነዳ ብዙ ሀብቱን በላበት። ዕዳውን ለመሸሽ የጃማይካ ገዢ ሆኖ ሄደ፣ እዚያው በ1726 ሞተ።

ሳምራዊት፦ ዱክ ሆኖ በዕዳ ስደት?

ዮናስ፦ ያውም በስድስት ዓመት ውስጥ! ሁለተኛው ዱክ ሀብታም ሚስት አግብቶ ቤቱን ቀና አደረገው። ዌልቤክ በሷ በኩል ነው የመጣው። ሦስተኛው ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። እነዚህን እንዝለላቸው። የኔ ጀግና አምስተኛው ነው።

ሳምራዊት፦ ምን አደረገ?

ዮናስ፦ ቆፈረ።

ሳምራዊት፦ ምን?

ዮናስ፦ መሬት! በ1854 ዱክ ሆነ። ሰው ማየት አይወድም። አላገባም። ዌልቤክ ግቢ ሥር ዋሻ ማስቆፈር ጀመረ። ሁለት ሠረገላ ጎን ለጎን የሚያልፍበት መተላለፊያ አለ። ከምድር በታች ትልቅ አዳራሽ አሠራ፣ ርዝመቱ ወደ 49 ሜትር ይጠጋል። መብራቱ ጣሪያው ላይ ካሉ መስኮቶች ነው የሚገባው። ከላይ ሣሩ ላይ ስትሄጂ መስታወት ታያለሽ፣ እግርሽ ሥር አዳራሽ አለ።

ሳምራዊት፦ ለድግስ?

ዮናስ፦ አንድም ቀን ደግሶበት አያውቅም! ለሠራተኞቹ ግን ለያንዳንዳቸው አንድ አህያና አንድ ጃንጥላ ሰጣቸው ይባላል።

ሳምራዊት፦ ወይ ጉድ! አህያዋን ተረዳሁ፣ እዚያ አገር ጃንጥላም ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ አሠሪ ስጠኝ።

ዮናስ፦ በ1879 ሲሞት ልጅ የለም። ደብዳቤዋ ወደ ላይ ወጣች፣ ወደ አጎት መስመር ዞረች። የአጎቱ ልጅ ልጅ፣ የ21 ዓመት ጎረምሳ፣ ስድስተኛው ዱክ ሆነ። ነገሩ እዚህ ያበቃ መስሎ ነበር። ግን አንዲት ሴትዮ መጣች።

ሳምራዊት፦ አሃ! ልጁን ይዤ መጣሁ የምትል?

ዮናስ፦ ከዚያም ትብሳለች። አና ማሪያ ድሩስ ትባላለች። አማቷ ቶማስ ቻርልስ ድሩስ ለንደን ቤከር ስትሪት ላይ የቤት ዕቃ ነጋዴ ነበር፣ በ1864 ሞቶ ሃይጌት ተቀብሯል። እሷ ምን አለች? "አልሞተም! ድሩስ ማለት ዱኩ ራሱ ነው። ሁለት ኑሮ ነበር የሚኖረው። ነጋዴነቱ ሲሰለቸው የውሸት ቀብር አሠርቶ ዌልቤክ ገባ። ሣጥኑ ውስጥ ያለው የእርሳስ ብረት ነው" አለች።

ሳምራዊት፦ ሰውየው ከመሬት በታች ይኖር ስለነበር ሰው አመናት!

ዮናስ፦ ታዲያስ! ፊቱን የሚያውቅ የለም። ወሬው ከእውነት ከሆነ ደግሞ ድሩስ በሕግ አግብቶ የወለዳቸው ወንዶች ልጆች አሉት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ወደነሱ ትዞራለች፣ ስድስተኛው ዱክ እቃውን ሸክፎ ይወጣል። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። ከአውስትራሊያ ሌላ የድሩስ ዘር መጥቶ ጉዳዩን ተረከበ። ኩባንያ አቋቁሞ አክሲዮን ሸጠ።

ሳምራዊት፦ የምን አክሲዮን?

ዮናስ፦ የዱክነቱ! ዛሬ ገንዘብ አዋጣ፣ ስንረታ ከዌልቤክ ሀብት ድርሻህን ትወስዳለህ ነው። ሰው ተሻምቶ ገዛ።

ሳምራዊት፦ ይኼንን እኛ ሰፈር ሊሸጥልኝ የሞከረ ሰው አውቃለሁ። መሬት ነው ያለኝ እንጂ።

ዮናስ፦ ዲሴምበር 30 ቀን 1907 መቃብሩ ተከፈተ። ዙሪያውን ጋርደውታል፣ ከአጥር ውጭ ጋዜጠኛና ተመልካች ታጭቋል። ክዳኑ ተነሳ። ውስጡ ጺማም ሽማግሌ ተኝቷል። የሥራ ሸሪኩ የነበረ ሰው ጎንበስ ብሎ አየና ድሩስ ነው አለ።

ሳምራዊት፦ አክሲዮኑም አብሮ ተቀበረ።

ዮናስ፦ በሐሰት የመሰከሩም ታሰሩ። አና ማሪያ ቀደም ብላ የአእምሮ ሕሙማን ቤት ገብታለች። እሷ ግን ታሳዝነኛለች። አጭበርባሪ አልመሰለችኝም። አምና ነው የገባችበት።

ሳምራዊት፦ እሺ፣ ወደ ሽማግሌያችን አድርሰን። ዱክነቱ እንዴት ሞተ?

ዮናስ፦ ሰባተኛው ዱክ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት። በ1977 ሞተ።

ሳምራዊት፦ ሴቶች አይወርሱም።

ዮናስ፦ ማዕረጉን አይወርሱም። ቤቱንና መሬቱን ግን ለመውረስ ምንም አይከለክላቸውም፤ ዌልቤክ ለትልቋ ልጅ ሆነ። ማዕረጉ ብቻውን ወደ ሩቅ ዘመድ ሄደ። ስምንተኛው ዱክ ፈርዲናንድ ነው፣ ኬንያ የኖረ፣ በቅኝ ግዛቱ ዘመን የኬንያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበረ። በ1980 ልጅ ሳይተካ ሞተ። ወንድሙ ቪክተር ተተካ።

ሳምራዊት፦ የመጀመሪያው ሰውዬ።

ዮናስ፦ እሱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን የስለላ ድርጅቶች የሚያስተባብረውን ኮሚቴ የመራ ዲፕሎማት ነው። ፖላንድ አምባሳደር ሆነ። በኋላ በፍቺ ቅሌት ሥራውንም ጡረታውንም አጣ። ዱክ የሆነው በሰማንያዎቹ ዕድሜ ነው። ቤተ መንግሥት የለም፣ መሬት የለም፣ ስም ብቻ። አንድ ወንድ ልጁ በ1966 ቀድሞት ሞቷል።

ሳምራዊት፦ አይ! ያን ሁሉ ዓመት የመጨረሻው እንደሆነ እያወቀ ኖረ ማለት ነው።

ዮናስ፦ አዎ። ሲሞት የሄንሪን ዘር ፈለጉ፤ የ1716ቱ ደብዳቤ የሚለው የሄንሪ ዘር ነውና። ወንድ የለም። ዱክነቱ ጠፋ። የ1689ኙን ደብዳቤ ደግሞ አወጡ። እሱ የሚለው የአባትየውን ዘር ነው።

ሳምራዊት፦ አባትየው ሌላ ልጅ ነበረው!

ዮናስ፦ ሃንስ ቪለም በስተርጅና ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ነበር። ከሷ የተወለደው ልጅ ሆላንድ ቀረ፣ ዘሩም እዚያው ተባዛ። ከዚያ መስመር የሆነ ሄንሪ ቤንቲንክ እንግሊዝ ይኖር ነበር። ከሟቹ ጋር የሚያገናኘው አያት የሞተው ከዚያ 281 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ሄንሪ አስራ አንደኛው ኧርል ሆነ።

ሳምራዊት፦ ሰባት ቤት ተቆጥሮ አልቆ ስንት ጊዜ ያልፋል! እኛ ጋ እኮ ተጋቡ ይባላሉ።

ዮናስ፦ አንድ ነገር ጣል ላድርግና ልጨርስ። በ1983 ጠቅላይ ሚኒስትሯ ማርጋሬት ታቸር ለሁለት ፖለቲከኞች የሚወረስ ማዕረግ አሰጠች። ዊልያም ኋይትሎው አራት ሴቶች ልጆች አሉት፣ ወንድ የለውም። ጆርጅ ቶማስ ከነጭራሹ አላገባም።

ሳምራዊት፦ የሚወረስ ሰጥታ የሚወርስ የሌለበት!

ዮናስ፦ ሁለቱም ማዕረጎች ከባለቤቶቻቸው ጋር ሞቱ፣ በ1997ና በ1999። በዚያው በ1999 ሕግ ወጣና በውርስ ከሚቀመጡት 92ቱ ብቻ ሲቀሩ ሌሎቹ ከፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት ተሰናበቱ። የፖርትላንዱም አብሮ ወጣ።

ሳምራዊት፦ አሁን ማን ነው?

ዮናስ፦ የሄንሪ ልጅ፣ ቲም ቤንቲንክ። አስራ ሁለተኛው። ሥራው ተዋናይ ነው። ከ1982 ጀምሮ በቢቢሲ ሬዲዮ ድራማ ላይ ገበሬ ሆኖ ይጫወታል። ስለ ላም፣ ስለ ወተት ዋጋ ያወራል። ለዓመታት ደግሞ የለንደን ባቡር ድምፅ ነበር። ከሂትሮው ኤርፖርት በሚነሳው መስመር "ክፍተቱን ልብ በሉ" የሚለው።

ሳምራዊት፦ ቆይ! እኅቴ መጀመሪያ ለንደን ስትሄድ በዚያ መስመር ነው ወደ ከተማ የገባችው። ሁለት ሻንጣ፣ በርበሬና ሽሮ ተሸክማ። "አንድ ሰውዬ በየጣቢያው ልብ በዪ ልብ በዪ ይለኛል፣ ምን እንደሆነ አልገባኝም" ብላ ነው የደወለችልኝ።

ዮናስ፦ ኧርል ነው ያናገራት።

ሳምራዊት፦ ዛሬ ማታ እደውልላታለሁ።