ሎግኢን ሳናደርግ የሚነሳ ሰርቪስ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሊኑክስ ላይ በራሳችን ዩዘር የምናስኬዳቸው ሰርቪሶች፣ ማለትም ከጀርባ ሆነው የሚሰሩ ፕሮግራሞች፣ ማሽኑ ሲነሳ አብረው እንዲነሱ ስለማድረግ።

ሲንክቲንግን እንውሰድ፣ ያ ፋይል ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚያመሳስለው። ሞኒተር የሌላት ማሽን ላይ ጭናችሁታል እንበል፣ መብራት ሄዶ ይመጣል፣ ማሽኗን ታበሯታላችሁ፣ ሲንክቲንግ ግን የለም፣ ምን ሆኖ ነው ብላችሁ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሌላ ኮምፒውተር በኔትወርክ፣ ስትገቡ ደግሞ እየሰራ ታገኙታላችሁ! ብዙ ሰው ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ምክንያቱ ምን መሰላችሁ፣ ማሽኑ ሲነሳ ሰርቪሶችን ከሚያስነሳው ከዋናው ሲስተምዲ ሌላ እያንዳንዱ ዩዘር የራሱን ሰርቪሶች የሚያስነሳ የሲስተምዲ ማናጀር አለው፣ እሱ ደግሞ የሚነሳው ዩዘሩ መጀመሪያ ሎግኢን ሲያደርግ ነው፣ የመጨረሻው ሴሽን ሲዘጋም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ሲስተምሲቲኤል ሰረዝ ሰረዝ ዩዘር ኢኔብል ስትሉ ያዘዛችሁት «የኔ ማናጀር ሲነሳ ተነሳ» ብላችሁ ነው። መፍትሄው አንድ መስመር ናት፦ ሎግኢንሲቲኤል ኢኔብል ሰረዝ ሊንገር፣ ከዛ የዩዘሩ ስም። ይህቺ ትዕዛዝ ቫር፣ ሊብ፣ ሲስተምዲ፣ ሊንገር ውስጥ በስማችሁ ባዶ ፋይል ታስቀምጣለች፣ ማሽኑ ቡት ሲያደርግ ያንን ፋይል ካገኘ ማንም ሳይገባ ማናጀራችሁን ያስነሳዋል። በቃ።

ዩኒት ፋይሉን፣ ማለትም ሰርቪሱ እንዴት እንደሚነሳ የሚነግረውን ፋይል፣ ራሳችሁ የምትጽፉ ከሆነ ሆም ውስጥ፣ ዶት ኮንፊግ፣ ሲስተምዲ፣ ዩዘር የሚለው ፎልደር ውስጥ አድርጉት፣ ሰርቪሱ ከየትኛው ታርጌት፣ ማለትም አብረው ከሚነሱ ሰርቪሶች ስብስብ፣ ጋር እንደሚነሳ የሚነግረው ዋንትድባይ የሚለው መስመር ላይ ዲፎልት ዶት ታርጌት በሉ። መልቲዩዘር ዶት ታርጌት ኮፒ ተደርጎ ሲገባ በጣም ነው የማዝነው፣ ዩዘር ማናጀር ውስጥ እንደዛ የሚባል ታርጌት የለም፣ ኢኔብል ሲደረግ ሊንኩ ይፈጠራል፣ ሰርቪሱ ግን በዛ መንገድ መቼም አይነሳም። ተርሚናል ስትከፍቱ የሚነበበው ባሽአርሲ ፋይል ውስጥ የጻፋችሁትን ፓዝም፣ ማለትም ፕሮግራሞች የሚፈለጉባቸውን ፎልደሮች ዝርዝር፣ ማናጀሩ ስለማያነበው የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ጻፉለት።

እና እባካችሁ፣ እምቢ ሲላችሁ በሩት፣ ማለትም ማሽኑ ላይ ሁሉንም ማድረግ በሚችለው ዩዘር፣ ወደ ማስኬድ አትሩጡ። ነገ ፕሮግራሙ ላይ ክፍተት ቢገኝ በሩት የሚሄደው ማሽኑን በሙሉ ነው አሳልፎ የሚሰጠው፣ ይሄ ለአንድ መስመር ተብሎ የሚከፈል ዋጋ አይደለም።

ሊንገር ብቻውን የማያዋጣው ሆማችሁ ኢንክሪፕት ተደርጎ ሎግኢን ስታደርጉ ብቻ የሚከፈት ከሆነ ነው፣ ዩኒት ፋይሉም ዳታውም የተቆለፈው ውስጥ ነዋ፣ እንደዛ አይነት ማሽን ላይ ሆሙ ኢንክሪፕት ያልሆነ ሌላ ዩዘር ፈጥራችሁ በሱ አስኬዱት። አመሰግናለሁ፣ አሁን ላፕቶፖቻችሁን ክፈቱና አብረን እንሞክረው።