ማን ሣለልሽ?

ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ በተለይ እናንተ የሥዕል ተማሪዎች፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ።

አዘጋጆቹ «አደራ፣ አጭር ይሁን» ብለውኛል። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ አንዲት ፈረንሳዊት ሠዓሊ ነው። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

አደላይድ ላቢል-ጊያር በ1749 ፓሪስ ተወለደች። አባቷ የልብስና የጌጣጌጥ ሱቅ ነበረው። ሐር ሲታጠፍ ብርሃን እንዴት እንደሚይዝ ያየችው እዚያ ይመስለኛል። መጀመሪያ መዳፍ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ፖርትሬቶች (የሰው ፊት ሥዕሎች)፣ ቀጥሎ ፓስቴል የሚባለውን ደረቅ ቀለም፣ በመጨረሻ የዘይት ቀለም ተማረች።

ለምን ፖርትሬት? በዚያ ዘመን ሴት ሠዓሊ ራቁት ሞዴል ፊት ተቀምጣ እንድትስል አይፈቀድላትም። ያለዚያ ትምህርት ደግሞ ትልልቆቹ የታሪክ ሥዕሎች የሚሞከሩ አይደሉም። ፊት መሣል ግን ክፍት ነበር፤ ገንዘብም ያስገኛል። ለንደን ውስጥ አንጀሊካ ካውፍማንና ሜሪ ሞሰር በ1768 የሮያል አካዳሚ፣ የእንግሊዝ ሠዓሊዎች ማኅበር፣ መሥራች አባላት ነበሩ። ዞፋኒ የተባለ ሠዓሊ አባላቱን ሰብስቦ ሲስል፣ ክፍሉ ውስጥ ራቁት ሞዴል ስላለ፣ ሁለቱን ሴቶች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ምስል አድርጎ አረፈው። እንግዲህ መሥራች ሆኖ መሰቀል ነው!

ፓሪስ ውስጥ ደግሞ ሐሜቱ ነበር። «ሥዕሉን የሚሠራላት መምህሯ ቫንሳን ነው» አሉ። አደላይድ አልተከራከረችም። የፈረንሳይን ንጉሣዊ የሥዕል አካዳሚ አባላት አንድ በአንድ ፊቷ አስቀምጣ ሣለቻቸው። የገዛ ፊቱ ከእጇ ሲወጣ ያየ ሰው፣ እስቲ «ሌላ ነው የሣለው» ይበል!

በግንቦት 1783 አካዳሚው ተቀበላት። በዚያው ቀን ሌላዋ ሠዓሊ ኤሊዛቤት ቪዤ-ለብረንም ገባች። ለሴት የተፈቀደው ቦታ 4 ብቻ ነበር፤ ሁለቱ ቀድሞ ተይዞ ስለነበር፣ በእነሱ ሞላ።

ከ2 ዓመት በኋላ ያሳየችው ሥዕል ዛሬ ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛል። ቁመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል። ራሷን ነው የሣለችው፤ የሐር ቀሚስ ለብሳ፣ የገለባ ባርኔጣ ደፍታ፣ ብሩሽ ይዛ። (በዚያ ልብስ ቀለም የሚነካ ሠዓሊ እኔ አላየሁም።) ከኋላዋ ሁለት ሴት ተማሪዎቿ ቆመዋል፦ ማሪ ጋብርኤል ካፔ እና ማሪ ማርገሪት ካሮ ደ ሮዝሞን። ከሸራዋ የሚታየን ጀርባው ብቻ ነው። የምትመለከተው ወደ እኛ ስለሆነ፣ ምናልባት የምትስለው እኛን ይሆናል። እኔን ግን የሚገርመኝ ተማሪዎቹ ናቸው። ለ4 ሴት ብቻ በተከፈተ በር ሌሎች ሁለት ይዛ ቆመች።

በ1790 ያ ገደብ እንዲነሣ አካዳሚውን ፊት ለፊት ጠየቀች። በ1793 ደግሞ የፈረንሳይ አብዮተኞች የንጉሡን ወንድም የሣለችበትን ትልቅ ሸራ እንድታስረክብ አዘዙ፤ እንዲጠፋም ተደረገ። የዓመታት ድካም ነበር። በ1803 አረፈች።

ካፔ ግን እስከ መጨረሻው አልተለየቻትም። መምህሯ በሞተች በ5ኛ ዓመቷ፣ በ1808፣ ካፔ አንድ ሥዕል ሠራች። በሥዕሉ ላይ አደላይድ በስቱዲዮዋ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አንድ አዛውንት ሠዓሊ ትስላለች። ካፔ አጠገቧ ተቀምጣ ቀለም ታዘጋጅላታለች።

አመሰግናለሁ።